እባቡ ተለወጠብኝ፤ ልጄም አብሮ ተለወጠ!

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ደብዳቤ እስከ ዛሬ በዚህ ዓምድ ካስተናገድኳቸው ሁሉ ለየት ያለ ነው። የባል ጉዳይ አይደለም፣ የአማትም አይደለም፣ የአበዳሪና ተበዳሪም አይደለም። የእባብ ጉዳይ ነው! አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። እኔም መጀመሪያ ፖስታውን ከፍቼ «እባብ» የሚለውን ቃል ሳይ «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን መጣብኝ?» ብዬ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ነገሩ የእባብ ብቻ አልነበረምና።

ጸሐፊዋ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ዋና ዋናውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«እህቴ፣ ዘመድ በላከልኝ ቁጥር ዓምድሽን አነባለሁ። ዛሬ የእኔን ጉድ ስሚኝ። የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ እሱ ቴክሳስ ነው የሚኖረው። ታዲያ ሊሄድ ሰሞን ለልጁ ልደት ምን ገዝቶለት ቢሄድ ጥሩ ነው? እባብ! እዚህ አገር እንደ ድመት ይገዛል። እኔ ጮኬ፣ አልቅሼ፣ በመጨረሻ ልጄ እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላደረገንም። ልጄ በእጁ ይይዘዋል፣ ያጫውተዋል፣ አይጥ ያበላዋል።

«ባለፈው ኅዳር የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ደረሰ። ካህን ይመጣል፣ ሰው ይመጣል። እባብ ያለበት ቤት ጠበል ጠዲቅ እንዴት ይቀመሳል? የመስተዋት ሳጥኑን ልጄ ራሱ ተሸክሞ ወደ ምድር ቤት አወረደልኝና ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ አይመለስም አልኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እባቡ ሌላ ሆነ! ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰም። ቀን ሙሉ ተጠቅልሎ ይደበቃል። አንድ ሰሞን ደግሞ ዓይኑ ሰማያዊ ሆኖ ደፈረሰ፤ ‹ታወረ፣ ወይ ሌላ ነገር ገባበት› አልኩ። በዚያው ሳምንት ልጄ ሊያወጣው ሲል እስስስ ብሎ ነፋበትና አውራ ጣቱን ነከሰው። ደሙን ሳይ ነፍሴ ወጣች።

«‹ይህ አውሬ ከቤቴ ይውጣ› አልኩ። ልጄ አኮረፈ። አሁን ምሳና እራቱን ክፍሉ ይዞ ገብቶ ነው የሚበላው። ጥያቄዬ ይህ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ሲውል ወስጄ ጫካ ብጥለው ኃጢአት ይሆንብኛል? አንድ የደበቅኩትን ደግሞ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። የሳጥኑ ማሞቂያ መብራት ቀን ከሌት ሲበራ ኤሌክትሪክ ይቆጥርብኛል፣ እሳትም ያስነሳብኛል ብዬ ስለምፈራ ማታ ልጄ ሲተኛ ወርጄ እነቅለዋለሁ። ጠዋት አውቶብስ እንዳያመልጠው እየሮጠ ስለሚወጣ አያየውም። ከትምህርት ቤት ሳይመለስ መልሼ እሰካዋለሁ።»

ደብዳቤው ይኸው ነው። ፎቶግራፍም አብሮ ተልኮልኛል፤ ቡናማና ጥቁር ዥንጉርጉር፣ ወፈር ያለ፣ ራሱን እንደ ኳስ የጠቀለለ እባብ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ከመመለሴ በፊት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ እዚያው አሜሪካ በእንስሳት ሐኪም ቤት በረዳትነት የምትሠራ የሰፈሬን ልጅም አስጨንቄ ጠየቅኋት። ደብዳቤውን ሳነብላት እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ መልሱን ራሳቸው ጽፈውታል እኮ! መብራቱ ነዋ!» አለችኝ።

እናታችን ሆይ፣ በመጀመሪያ እንግዳዎን ይወቁት። በፎቶው የማየው ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዘር ነው። አገሩ እዚሁ አፍሪካ ነው፤ ከሴኔጋል አንስቶ እስከ ኡጋንዳ ባለው ሣራማ ምድር ይኖራል። ዘንዶ ቢባልም ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም። መርዝ የለውም። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ቦል የሚለውን ስም ያገኘውም በዚሁ ነው። በቤኒን አገር በዊዳ ከተማ እንዲያውም ቤተ መቅደስ ተሠርቶለት ይከበራል። ያ የእነሱ እምነት ነው፤ እኛ እንከተለው አልልም። እርስዎ አውሬ የሚሉትን ፍጥረት ሌላው ሕዝብ አብሮት እንደሚኖር ይወቁልኝ ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ለውጡ እንምጣ። እባብ አይጮህም፣ አያለቅስም፣ ጭራውን አይቆላም። አመሉን መለወጥ ብቻ ነው ቋንቋው። ስለዚህ እባብ ሲለወጥ «ምን ገባበት?» ሳይሆን «በዙሪያው ምን ተለወጠ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ አለመብላቱ። የእኛ ሰውነት ሙቀቱን ራሱ ያመነጫል። የእባብ ግን ከውጭ ነው የሚያገኘው። የዚህ እባብ ሳጥን በአንድ በኩል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ፣ በሌላው በኩል ከ25 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። እሱ እንደ ፍላጎቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ሙቀቱን ይመጥናል። ሙቀት ካላገኘ የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ አይፈጭለትም፤ ይበሰብስበታል፣ ወይም መልሶ ይተፋዋል። እንግዲህ አስቡት! በኅዳርና በታኅሣሥ የቨርጂኒያ ምድር ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ ተነቅሎ፣ ይህ እንስሳ «አልበላም» ቢል ጥጋብ ነው? ብልህነት እንጂ!

እርግጥ ነው፣ ይህ ዘር ያለ ምንም በሽታም ይጾማል። በተለይ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ በቀዝቃዛው ወራት ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይበላ ይቆያል። ስለዚህ ዘጠኝ ሳምንት ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ክብደቱ ነው። ልጅዎ በሳምንት አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝነውና በደብተር ይጻፍ። ከበፊቱ ክብደቱ ከመቶ አሥር እጅ ከቀነሰ ነገሩ የሐኪም ነው። ዕለት በዕለት አይጥ አፍንጫው ሥር እየደቀኑ መለማመጥ ግን ያስጨንቀዋል እንጂ አይጠቅመውም። ካልበላ ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይሞከር። አይጡም ከነሕይወቱ ባይሆን ይመረጣል፤ ያልራበው እባብ ዝም ሲለው አይጡ ራሱ እባቡን ነክሶ ያቆስለዋልና። ከፍሪዘር የወጣው ደህና አድርጎ ከቀለጠና ከሞቀ በኋላ በረጅም ጉጠት ይሰጠዋል።

ሁለተኛ፣ የዓይኑ መደፍረስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ ቆዳ ነው። ቆዳውን ሊጥል ሲል በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ይገባና ዓይኑ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይጠራል፤ ከዚያም ቆዳውን ይጥላል። አልታወረም፣ ምንም አልገባበትም። በዚያ ሰሞን ግን ደህና አድርጎ አያይም፤ ስለዚህ ይደበቃል፣ ይደነግጣል፣ ምግብም ይተዋል። መነካት የማይገባው ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው። ልጅዎ የተነከሰው በዚያው ሳምንት እንደሆነ ራስዎ ጽፈውልኛል። በጨለማ የተኛን ሰው ድንገት ቢነኩት እጁን አይሰነዝርም?

ማሞቂያ ባለበት ቤት አየሩ ስለሚደርቅ ደግሞ ቆዳው ተቆራርጦ ሊቀር ይችላል። ጤነኛ እባብ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ባንድ ላይ ነው የሚጥለው። የጣለውን ቆዳ አንስታችሁ እዩት፤ የሁለቱ ዓይኖች ክብ ሽፋንና የጅራቱ ጫፍ አብረው መውጣታቸውን አረጋግጡ። ከቀረ በጥፍር አይላጥም! ዓይኑን ታጠፉታላችሁ። እርጥብ ፎጣ ያለበት፣ አየር የሚያስገባ መደበቂያ አስቀምጡለትና የሳጥኑን እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ዓይኑ ላይ ያለው እንደዚያም አልለቅ ካለ ሐኪም ያንሳው።

ሦስተኛ፣ መንፋትና መንከሱ። እባብ ሁለት ዓይነት ንክሻ አለው። አንደኛው የፍርሃት ነው፤ ነክሶ ወዲያው ይለቃል። ሁለተኛው የስህተት ነው፤ ምግብ መስሎት ይነክስና ይይዛል። ይህ እባብ ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ ሽታውን ደግሞ በመንታ ምላሱ ይለቅማል። አይጥ የነካ ሞቃት እጅ ለእሱ አይጥ ነው! ስለዚህ እጅን ሳይታጠቡ መግባት የለም። ከያዘም መጎተት አይገባም፤ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ ስለሆኑ እሱም እናንተም ትጎዳላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ አፉ ላይ ቢያፈሱበት አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ቁስሉ በሳሙና ይታጠብ።

ማጠቢያው ማሽንስ? እባብ የጆሮ ቀዳዳ ባይኖረውም የመሬትን ንዝረት በመንጋጋው አጥንት በኩል ይሰማል። ልብስ በታጠበ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥበታል ማለት ነው። ብርድ፣ ንዝረት፣ የቆዳ ለውጥ፤ ሦስቱ ባንድ ላይ መጡበት። እኔም ብሆን እነክሳለሁ!

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዛሬውኑ መብራቱ ተሰክቶ ይደር። የእሳቱ ስጋት ግን ትክክለኛ ስጋት ስለሆነ አልንቀውም። መድኃኒቱ መንቀል ሳይሆን ቴርሞስታት የሚባለውን መቆጣጠሪያ ገዝቶ ማያያዝ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ያጠፋዋል፤ እባቡንም ከመቃጠል ያድነዋል። በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር ይቀመጥ። ሳጥኑ ከማሽኑ ርቆ ወደ ልጅዎ ክፍል ይመለስ። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም በኩል ገብቶ የሚጠበብባቸው ሁለት መደበቂያዎች ይኑሩት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ውሃ ከመቀየርና ከማጽዳት በስተቀር ማንም አይንካው።

ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ልጅዎ ሲይዘው ከላይ ወደ ታች እጁን አይስደድ፤ እባብን ከላይ የሚመጣበት ጠላቱ አሞራ ነው። ከጎን ይምጣ። መጀመሪያ በተጠቀለለ ወረቀት ገላውን ቀስ አድርጎ ይንካው፤ «ምግብ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለቱ ነው። ከዚያ በሁለት እጁ ገላውን ደግፎ ያንሳ። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አይያዝ፤ ዓይኑ ደፍርሶም ቢሆን ቆዳውን እስኪጥል ድረስ አይነካ።

ሐኪም ጋ የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ በአፍንጫው ወይም ባፉ አረፋና ንፍጥ የሚያወጣ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ ከሆነ ብርዱ ሳንባውን ነክቶት ይሆናል። ራሱን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ የሚቆይ ወይም በጀርባው ሲገለብጡት መመለስ የሚያቅተው፣ የበላውን የሚተፋ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃው ውስጥ ተኝቶ በውሃው ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ብናኝ ያሉ ጥቃቅን ተባዮች የሚታዩበትም እንዲሁ። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም እባብ ስለማያክም ደውለው «እባብ ታክማላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ ትንሿ ልጅዎ አንድ ነገር ልበል። እባብ ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተዋሲያን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ባይነኩት ይሻላል። የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዕቃው በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ፤ ሳጥኑም ይቆለፍ። እዚህ ላይ እናት ነዎትና ጠንከር ይበሉ። ይህ ትክክለኛ ሕግ ነው።

«ጫካ ልጣለው?» ላሉት ግን፣ በፍጹም አይሆንም! በክረምቱ ብርድ ቀስ ብሎ ይሞታል። ሞቃት በሆነው በፍሎሪዳ ደግሞ በተቃራኒው ሆኗል። ሰው ከቤት ያመለጡበትና የለቀቃቸው የበርማ ዘንዶዎች በኤቨርግሌድስ ረግረግ ተራብተው የአገሩን እንስሳ ፈጁት። የአሜሪካ መንግሥት በ2012 (እ.ኤ.አ.) የበርማውንና የእኛውን የአፍሪካ ትልቁን ዘንዶ ጨምሮ አንዳንድ ዘሮች ወደ አገሩ እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደርሷል። በእውነት አቅም ከጠፋ ለሚያውቅበት ሰው ወይም እንዲህ ያሉ እንስሳትን ለሚረከቡ ማኅበራት ይሰጣል፤ ያውም ልጅዎ አውቆ፣ ራሱ አስረክቦ!

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከቡችላነቱ ያሳደግኩት ውሻ ነበረኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለም። አባቴ «ጎረቤት ነከሰ» ብሎ ለዘመድ ሰጥቶታል። እውነቱን ነው፣ ነክሷል። እኔን ያቃጠለኝ ግን መሰጠቱ አልነበረም፤ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ደህና ዋይ ማለቱ ነበር። ዓመት ሙሉ አባቴን ቀና ብዬ አላየሁትም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ይቅር ብየዋለሁ፤ ግን አልረሳሁትም።

እናታችን፣ በደብዳቤዎ መሀል እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጽፈዋል። እባቡን የገዛለት አባቱ ነው፤ ሊሄድ ሰሞን። እንግዲህ ይህ እባብ ለእርስዎ ጥሎዎት የሄደ ሰው ያስቀመጠብዎት ጉድ ነው። ለልጅዎ ግን ከአባቱ እጅ የቀረው ነገር ይሆናል። «ይህ አውሬ ከቤቴ ይውጣ» ሲሉ ልጅዎ ማን እንዲወጣ የሰማ ይመስልዎታል? በእባቡ ሳቢያ ከአባቱ ጋር ያልጨረሳችሁት ጠብ እንዳይሆን እፈራለሁ። ኩርፊያውም የእባቡ ዓይነት ነው፤ የከፋው ወይም የፈራ ልጅ ክፍሉ ገብቶ ይጠቀለላል፣ ምሳውን ይተዋል፣ ሲነኩት ይነፋል። እሱንም «ምን ገባበት?» ከማለት «በዙሪያው ምን ተለወጠ?» ማለት ይሻላል።

ስለዚህ ከሁሉም የሚከብደው ምክሬ ይህ ነው። የመብራቱን ነገር ለልጅዎ ይንገሩት። አዎ፣ ይቆጣል። ምናልባት ያለቅሳል። ግን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ «ምን አጠፋሁ? ለምን ጠላኝ?» እያለ ራሱን ሲወቅስ የከረመ ልጅ ነው። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ እኔ ፈርቼ ነው፤ ይቅርታ» የሚል እናት ያለው ልጅ ዕድለኛ ነው። ቴርሞስታቱንም አብራችሁ ሂዱና ግዙ። ማኅበሩም እንደገና ሲደርስ ክፍሉን ቆልፎ እንዲጠብቅ ይስማሙ፤ ለአንድ ቀን ይቻላል።

ደግሞ ዕድሜውን ይወቁት። ይህ እባብ በደንብ ከተያዘ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። በሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት አንዲት ቦል ፓይተን እንዲያውም ከ60 ዓመት በላይ እንደሆናት እየተገመተ በ2020 (እ.ኤ.አ.) እንቁላል ጥላለች! ልጅዎ ኮሌጅ ሲገባ ማን ሊይዘው እንደሆነ ከአሁኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እርስዎ እንዳይሆኑ!

ለአገር ቤት አንባቢዎቼም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እኛ አገር ግን መበርየት አይከፋም። እፉኝትና ኮብራ ባለበት ምድር ይህን አንብቦ ሜዳ ላይ ያገኘውን እባብ «ፈርቶ ነው» ብሎ የሚያነሳ እንዳይኖር አደራ። የተነከሰ ሰው ቢገጥማችሁም አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ አትሰሩት። የተነከሰው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እናታችን፣ ከልጅዎ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። የእባቡን የምግብ ነገር ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ልጅዎ ወጥቶ አብሯችሁ ራት በላ ቢሉኝ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን!